አይዳሆ ልሂድ ወይስ ነርሲንግ ልግባ?

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 24 ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አባቴ ዲቪ ደርሶት መላ ቤተሰባችን ሜሪላንድ ገባን። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምሬ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወርኩ። አሁን የማቴሪያል ሳይንስ ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሚመጣው ሰመር አይዳሆ ናሽናል ላቦራቶሪ ለ10 ሳምንት ኢንተርን እንድሆን ተቀብለውኛል። ሥራው የኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ የቆየ ብረት ምን እንደደረሰበት መመርመር ነው። ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች። ‹ጨረር ማህፀን ያደርቃል፤ ሳትወልጂ ልትቀሪ ነው?› አለችኝ። አክስቴ ነርስ ናት። ‹እኔ ያለሁበት ግቢና ቶሎ ደመወዝሽን ብዪ› ትላለች። አጎቴ ደግሞ ‹እዚህ ያልተወለደ ሰው እዚያ በሩን አያስነኩትም፤ ኮምፒውተር ተማሪ› ይላል። ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። አባቴ ዜግነት እንድቀይር ከልቡ አይፈልግም። መልስ ለመስጠት የቀረኝ አሥር ቀን ነው። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

ልጄ፣ አሥር ቀን ብቻ ስለቀረሽ መልሱን ላስቀድም። ሂጂ። ኢሜይሉን ዛሬውኑ ክፈቺና «እቀበላለሁ» በያቸው። አሥር ሳምንት ነው፤ ቀለበት አላሰሩልሽም።

የቆዩ አንባቢዎቼ ያውቃሉ፤ አዲሶቹ እንዳይገረሙ ግን አንድ ነገር ልናገር። እዚህ ስለ አማት፣ ስለ እቁብና ስለ ቤት ኪራይ ብጽፍም እንጀራ የበላሁት በሌላ ሙያ ነው። 19 ዓመት በአንድ የምርምር ላብ ውስጥ ሪአክተር ያሳደረውን ብረት ስቆርጥና ሳይ ኖሬያለሁ። በዚያው መሐል ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። ስለዚህ ከእናትሽ እንባ ልጀምር። ቀኖቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እንዳትደናገሪ።

እናትሽ ጨረር ይጎዳል ማለቷ ልክ ነው። የሳተችው መጠኑን ነው። በርበሬም በማንኪያና በኩንታል አንድ አይደለም።

ሰውነት የሚቀበለው ጨረር በሚሊሲቨርት ይለካል። አሜሪካ የሚኖር ሰው፣ ሪአክተር የሚባል ነገር በዓይኑ ሳያይ፣ በዓመት በአማካይ 6.2 ያህል ይቀበላል። ግማሹ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ ነው። ግማሹ ደግሞ ከሐኪም ቤት፣ በተለይ ከሲቲ ስካን። የኒውክሌር ሠራተኛ ከሥራው በዓመት እንዲቀበል ሕጉ የሚፈቅድለት ጣሪያ 50 ነው። ላቦቹ ለራሳቸው ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ገደብ ያወጣሉ። ወደዚያ ገደብ የተጠጋ ሰው ገና ሳይደርስበት ከሥራው ይነሣል። የሴትን እንቁላል ለዘለቄታው የሚያመክነው መጠን ግን በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ ነው። ያን ያህል የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና ወይም ከባድ አደጋ ነው። የኢንተርን ባጅ ሰመሩ አልቆ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው፤ ወይ ለዜሮ የቀረበ።

ባጁን እንዲያው አትናቂው። ደረትሽ ላይ የምትሰኪው ትንሽ ነገር ናት፤ የተቀበልሽውን ጨረር ትመዘግባለች። ቁጥሩ የአንቺ ነው። ስትጠይቂ ይሰጡሻል። ወረቀቱን ለእናትሽ ላኪላት።

በነገራችን ላይ የበረራ ሠራተኞች በአማካይ በዓመት 3 ሚሊሲቨርት ገደማ ይቀበላሉ። ከፍ በተባለ ቁጥር የሰማይ ጨረር ይበረታል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ የሚኖር ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው የበለጠ የሰማይ ጨረር ያገኛል። «ሆስተስ ልሁን» ብትያት ግን ዩኒፎርምሽን ራሷ ትተኩስልሽ ነበር እኮ!

ስለ እርግዝናም ሕግ አለ። የመጀመሪያዬን ስፀንስ ለአለቃዬ ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈራሁ። ሥራዬን የምነጠቅ መስሎኝ ነበር። ሞኝነት ነበር። አንዲት ሴት ማርገዟን በጽሑፍ ካሳወቀች ከፅንሱ እስከ መውለጃዋ ድረስ ያለው ገደብ በድምሩ ወደ 5 ሚሊሲቨርት ይወርዳል። ማሳወቅ አለማሳወቅ የራሷ ፈቃድ ነው፤ ማንም አያስገድዳትም። እኔ ካሳወቅሁ በኋላ ከመቁረጫው ክፍል አንሥተው የማይክሮስኮፕ ምስል እንድተነትን አደረጉኝ። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለውን ጽሑፌን የጻፍኩት ሆዴ ከጠረጴዛው አላስጠጋ ባለበት ወቅት ነው።

ይህን ሁሉ ስልሽ አደጋ የለም እያልኩሽ አይደለም። አይዳሆ ያለው ያ በረሃ በ1961 ጥር መግቢያ ላይ ሦስት ሰዎች ገድሏል። ኤስኤል አንድ የሚባል የጦር ሠራዊቱ ትንሽ ሪአክተር ነበር። በ2011 ኅዳር ደግሞ እዚያው ላብ ውስጥ አሮጌ የነዳጅ ሰሌዳዎች ሲፈተሹ ከአሥር በላይ ሠራተኞች ለፕሉቶኒየም ብናኝ ተጋልጠዋል። እናንተው ሠፈርም አለ። ጌይተርስበርግ ያለው የፌዴራል መንግሥት የምርምር ሪአክተር በፌብሩዋሪ 2021 አንድ የነዳጅ ዘንግ በደንብ ሳይቆለፍ ቀርቶ ተጎዳና ከሁለት ዓመት በላይ ተዘጋ። ሰው አልሞተም። አክስትሽ ወደ ሥራ ስትሄድ በአጠገቡ የምታልፍ ከሆነ ምንም አልታወቃት ይሆናል። ይህን የምነግርሽ ለአንቺ ነው። እናትሽ ዘንድ በራስሽ መንገድ አድርሺው። ላብ ውስጥ ይበልጥ የሚያሰጋው በግድግዳ የሚያልፈው ጨረር አይደለም። በአፍና በአፍንጫ የሚገባው ብናኝ ነው። ስለዚህ ጓንትሽን እንዴት እንደምታወልቂ ሲያስተምሩሽ ስልክሽን አስቀምጪና ልብ ብለሽ ስሚ። ጓንት ማድረግ ቀላል ነው፤ ማውለቁ ነው ጥበብ።

እኔን የሚያሳስበኝ የሥራው ዝግታ ነው። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን ሥራው ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ በደብዳቤሽ «ብረት መመርመር» ብለሽ ቶሎ አለፍሽው።

ካራምቡላ አይተሽ ታውቂያለሽ? አባትሽን ጠይቂው፣ ያሳይሻል። ኒውትሮን፣ ሪአክተሩ ውስጥ አቶም ሲሰነጠቅ የምትወጣው ቅንጣት፣ በኃይል የተመታች ኳስ ናት። ብረቱ ውስጥ ተደርድረው የተቀመጡትን አቶሞች ትገጫለች። የተገጨው ሌላውን ይገጫል። አብዛኞቹ ወዲያው ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ጥቂቶቹ ግን አይመለሱም። ሪአክተር መሐል ለአሥርተ ዓመታት በኖረ ብረት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም በአማካይ አሥር ጊዜ፣ አንዳንዱ ቦታ ከዚያም በላይ ከቦታው ተነቅሏል። እስኪ አስቢው፤ አንድም አቶም በመጀመሪያ ቦታው ላይ አልቀረም ማለት ይቻላል። ብረቱ ግን አሁንም ብረት ነው፣ ቆሟል። እኔን በዚህ ሙያ ያስቀረኝ ይህ ግርምት ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ስኮትላንድ ውስጥ ዳውንሬይ ከሚባለው ሪአክተር የወጣ ስቴንለስ ስቲል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ውስጡ በጥቃቅን ባዶ ቀዳዳዎች ተሞልቶ ተገኘ። ከቦታቸው የተነቀሉት አቶሞች የተዉት ክፍተት ተጠራቅሞ ነው። ብረቱ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ እሰየው ነው። ብረት ሲያወጣ ግን ያብጣል፣ ይጎብጣል፣ በልኩ የተሠራው ዕቃ አይገጥምም። ዓይን የማያወጣ ብረት ለማግኘት የተጀመረው ሩጫ ዛሬም አላለቀም።

አሁን ጥያቄው የበለጠ አንገብጋቢ ሆኗል። አሜሪካ ያሉት ሪአክተሮች መጀመሪያ ፈቃድ ያገኙት ለ40 ዓመት ነበር። ብዙዎቹ ወደ 60 አራዝመዋል። አንዳንዶቹ 80 ዓመት እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸዋል። ዋናውን ጋን፣ ሪአክተሩ የተቀመጠበትን ወፍራም የብረት ዕቃ ማለቴ ነው፣ መቀየር የሚታሰብ አይደለም። ኒውትሮን በደበደበው ቁጥር ደግሞ ይደርቃል፤ መታጠፍ ትቶ መሰንጠቅ ይቀናዋል። ስለዚህ ከዚያው ብረት የተቆረጡ ናሙናዎች ገና ከመጀመሪያው ጋኑ ውስጥ ተሰቅለዋል። በየጊዜው አንዱ ይወጣና ይሰበራል። ስንት ኃይል ሲያርፍበት ተሰበረ? የመቶ ሺዎች ቤት መብራት የተንጠለጠለው በዚህ መልስ ላይ ነው። መልሱን የሚሰጠው እንዳንቺ ያለ ሰው ነው።

ችላ ሲባል ምን እንደሚመጣ ኦሃዮ ታይቷል። ዴቪስ ቤሲ የሚባል የኃይል ማመንጫ አለ። በማርች 2002 ለጥገና ተዘግቶ ሳለ የሪአክተሩ ክዳን ላይ አናናስ የሚያህል ጉድጓድ ተገኘ። ክዳኑን ያለፈ አንድ ቧንቧ ተሰንጥቆ ቦሪክ አሲድ ያለበት ውኃ ለዓመታት ሲያንጠባጥብ ኖሯል። አሲዱ ከ15 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ብረት በልቶ ጨረሰ። የቀረው የውስጡ ስስ የስቴንለስ ሽፋን ብቻ ነበር፤ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እሱ ነው ከከባቢ አየር 150 እጥፍ የሚጠጋ ግፊት ተሸክሞ የቆየው። ምልክቱ ደግሞ ቀድሞ ነበረ፤ ዝገት የመሰለ ዱቄት ማጣሪያዎቹን ይደፍን ነበር። ያን ዱቄት አይቶ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ እንቢኝ የሚል ሰው ነው የጠፋው። ኢንተርን ሆነሽ ስትገቢ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ፈልጊና አስወሪው፤ በሙያው የቆየ ሁሉ የራሱ አተራረክ አለው።

የምትሠሪበት ቦታ ምን ይመስላል? ጨረሩ የበረታ ናሙና የሚነካው በእጅ አይደለም፤ ሆት ሴል የሚባል ክፍል ውስጥ በሜካኒካል ክንድ ነው። አይዳሆ ያለው ትልቁ ሆት ሴል መስኮቱ እርሳስ ያለበት መስታወት ነው፣ ውፍረቱ 1.2 ሜትር ገደማ። በዚያ መስታወት ሁሉም ነገር ትንሽ ቢጫ ይመስላል። ክንዱን መጀመሪያ የያዝኩ ቀን አንዲት ብሎን ከዳዷ ጋር ለማገናኘት ከሃያ ደቂቃ በላይ ፈጀሁ። አጠገቤ የነበሩት ቴክኒሽያን ሽማግሌ እየሳቁ በአንድ እጃቸው አደረጉት። ዶክትሬት የላቸውም። ከሳቸው የተማርኩትን ግን ከማንም ፕሮፌሰር አልተማርኩም። አንቺም እንደዚህ ያለ ሰው አጠገብ ተቀመጪ። ቡና ግዢለት።

አሁን ዝግታው። ናሙና ትሠሪያለሽ። ሪአክተር ይገባል። አይዳሆ ያለው የሙከራ ሪአክተር ከ1967 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ናሙናው እዚያ ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት ይከርማል። ከዚያ ይወጣና ጨረሩ እስኪቀንስ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ይጓጓዛል፣ ይቆረጣል፣ ይታያል። ጀምረሽ ውጤት እስክታዪ አምስት ዓመት ቢሞላ አትገረሚ። መሐል ላይ ሪአክተሩ ለጥገና ይዘጋል፣ በጀት ይዘገያል። ኮምፒውተር የተማረው የአጎትሽ ልጅ በዚያ ጊዜ ሦስት መሥሪያ ቤት ቀይሮ፣ ቤት ገዝቶ ይጠብቅሻል። ይህን ከቻልሽ ሙያው የአንቺ ነው። ካልቻልሽ ሌላ ፈልጊ፤ አያሳፍርም። ለማወቅ ደግሞ አሥር ሳምንት ይበቃሻል። ነሐሴ ላይ ራስሽን የምትጠይቂው «ወደድኩት ወይ?» ብለሽ አይሁን። «ምንም ባልተገኘባቸው ቀናት ምን ተሰማኝ?» ብለሽ ጠይቂ።

ወደፊት ዶክትሬት ከያዝሽ አንድ ብልሃት አለ። ሙሉ ጥናትሽን ሪአክተር በሚገባ ናሙና ላይ አትመሥርቺ። ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ እንዳለው ባለ የአዮን ማፋጠኛ፣ ኤሌክትሪክ ያዘሉ አቶሞችን በኃይል በሚወረውር መሣሪያ ማለቴ ነው፣ ብረቱን ብትመችው ሪአክተር በዓመታት የሚያደርሰውን ጉዳት በሰዓታትና በቀናት ታያለሽ። ጉዳቱ ከላይ በስሱ ብቻ ነው፤ ከኒውትሮንም ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም እየጠበቅሽ የምትጽፊው ነገር ይኖርሻል። ይህን የሚነግረኝ አጥቼ አንድ ዓመት ተኩል በከንቱ አጥቻለሁ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። አጎትሽ ግማሽ እውነት ይዟል። አሜሪካ 17 የኢነርጂ ሚኒስቴር ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች አሉ። ሎስ አላሞስ፣ ሊቨርሞርና ሳንዲያ ዋና ሥራቸው የጦር መሣሪያ ነው። እዚያ አብዛኛው ሥራ የምስጢር ፈቃድ፣ ክሊራንስ የሚሉትን፣ ይጠይቃል። ክሊራንስ ደግሞ ለዜጋ ብቻ ነው። አይዳሆ፣ ኦክ ሪጅና አርጎን ግን ለዓለም ሁሉ በሚታተም ምርምር የተሞሉ ናቸው። በግሪን ካርድ የሚሠራ፣ ከዚያም አልፎ በቪዛ የሚሠራ ሞልቷል። አንቺ የገባሽበት ዓይነት የሰመር ፕሮግራም ራሱ ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። እዚህ መወለድ የሚባል መስፈርት የትም የለም።

ሆኖም እውነቱን ልንገርሽ፤ እዚህ ሙያ ውስጥ ከቆየሽ ዜግነት በር ይከፍታል። አንዳንድ የኒውክሌር ነዳጅ ያለበት ሕንፃ ያለ ክሊራንስ ብቻሽን አያስገባሽም። አባትሽን አልፈርድበትም። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ ሰማያዊውን ፓስፖርት ስትወስጂ የኛው ይቀራል። ለእሱ ይህ ወረቀት ብቻ አይደለም። ቢጫ ካርድ እንዳለ ንገሪው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል። ምርጫ አያስመርጥም። አምስት ዓመቱ ስላለፈሽ መብቱ የአንቺ ነው። ግን በአሥር ቀን የሚወሰን አይደለምና ለኢንተርንሺፑ ብለሽ አባትሽን አታጣድፊው። አሁን አያስፈልግሽም።

አንድ ቀን የክሊራንስ ቅጽ ከሞላሽ ሁሉንም ጻፊ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶችሽን፣ የምትልኪውን ገንዘብ፣ ያለሽን ድርሻ ቤት። ዘመድ መኖሩ አይጥልሽም። መደበቁ ይጥልሻል።

ይህን ለሌሎች ወጣት አንባቢዎቼም ልበል፤ ሜሪላንድ ማሪዋና ከጁላይ 2023 ጀምሮ ተፈቅዷል። በፌዴራል ሕግ ግን እንደተከለከለ ነው፣ ላቦቹም የሚሄዱት በፌዴራሉ ነው። ጫትም እንደዚያው። በውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ የተቀመጠ ነው። «ለባህል ነው፣ ሰርግ ቤት ነው» ብሎ የተረፈ ሰው አላየሁም።

ስለ ገንዘብ አክስትሽ ያሰበችውን ያህል አያስከፋም። የአሜሪካ የኒውክሌር መሐንዲስ መካከለኛ ደመወዝ በዓመት ከ120,000 ዶላር በላይ ነው፤ የማቴሪያል መሐንዲስም ከ100,000 ያልፋል። ዶክትሬት ቢያስፈልግሽ በምህንድስና ጥሩ ትምህርት ቤት ከተቀበለሽ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይቀርልሻል፣ ለኑሮም ወርኃዊ ይሰጥሻል። ዕዳ አይደለም። ቤተሰቦቻችን ይህን አያምኑም፤ ደብዳቤው ሲመጣ አሳዪያቸው። ላብ ውስጥ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሠራ መሐንዲስም ብዙ ነው። ራስሽ የምርምር ጥያቄ ይዘሽ ቡድን ልትመሪ ከፈለግሽ ግን ያለ ዶክትሬት ከባድ ነው።

ጥበቡ የዲግሪሽ ስም ላይ ነው። የኒውክሌር መሐንዲሶች በመላው አሜሪካ ከ20 ሺህ በታች ናቸው። ጠባብ ሠፈር ነው፤ ፖለቲካው ሲያዘነብል አብሮ ያዘነብላል። ማቴሪያል ሳይንስ ግን ሰፊ ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ብረት ማንበብ የቻለ ሰው ነገ የአውሮፕላን ሞተር፣ ባትሪ ወይም ቺፕ የሚሠራ ድርጅት ይወስደዋል። ስለዚህ ዋናሽን ማቴሪያል አድርጊ፤ ኒውክሌሩን በኮርስና በሥራ ደርቢበት። አሁን ያለሽበት መንገድ እሱ ነው፣ አትቀይሪው። ነርስነትን ንቄ አይደለም። አክስትሽ የልብ ቧንቧ ምርመራ ክፍል ገብታ ካወቀች ግን እሷም የጨረር ባጅ አንጠልጥላ እንደሆነ ጠይቂያት። ሳቅ ይሆናል።

ስለ ኑሮው አልዋሽሽም፤ ብቸኝነት አለው። አይዳሆ ፎልስ ትንሽ ከተማ ናት። ላቡ ያለበት በረሃ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሠራተኛውን በጨለማ የሚያነሣ አውቶቡስ አለ። ሐበሻ ሱቅ አልነግርሽም። የሚያስቀው ግን እናትሽ የምታቦካው ጤፍ እዚያው አይዳሆ የበቀለ ሊሆን ይችላል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ አይዳሆ ጤፍ ይዘራል፤ ዱቄቱ ዋሽንግተን ዙሪያ ያለ ሐበሻ ቤት ሁሉ ይገባል። አንቺ ካለሽበት ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ድርቆሽ ይዘሽ ሂጂ። አንድ ቅዳሜ መኪና ያለው ጓደኛ ፈልጊና ኢቢአር አንድ ወደሚባለው ሙዚየም ውጪ። በዲሴምበር 20 ቀን 1951 በኒውክሌር ኃይል በተገኘ ኤሌክትሪክ አራት አምፖል የበራው እዚያ ነው። የሚከፈተው በሰመር ነው፣ እንዳያመልጥሽ።

«ለአገር ቤትስ ይጠቅማል?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ አባትሽ ግን ይጠይቅሽ ይሆናል። በሴፕቴምበር 2025 ኢትዮጵያና የሩሲያው ሮሳቶም የኒውክሌር ማመንጫ ለመሥራት የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርመዋል። ጣቢያው መቼም ቢቆም፣ ብየዳውን አይቶ «ይህ አያልፍም» የሚል የራሷ ሰው ያስፈልጋታል። እሱን ከአሁኑ አታስቢው፤ ብቻ ለአባትሽ ንገሪው።

አሁን እናትሽ። ከሷ ጋር በቁጥር አትከራከሪ። የምትማሪበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የማስተማሪያ ሪአክተር እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል? 250 ኪሎዋት ነው፣ ትንሽ። ተማሪዎች የሚሠለጥኑበት ነው። ገንዳው ከላይ ክፍት ነው። እየሠራ የክፍሉን መብራት ካጠፉት ከውኃው ሥር ሰማያዊ ብርሃን ይታያል። ጎብኚ ይቀበላሉ፤ ቀድመሽ ማስፈቀድ አለብሽ። ደውዪና ቀን ያዢላት። አፋፉ ላይ ቆማ ቁልቁል ትየው። ከሷ አጠገብ በአንቺ ዕድሜ ያሉ ሴት ልጆች ሪአክተሩን ሲያንቀሳቅሱ ታይ ይሆናል። ሲያስወጧችሁ ደግሞ እጅና እግሯን በጨረር መለኪያ ይለኩላታል፤ ቁጥሩን ራሷ ታንብበው። አክስትሽንም ጥሪያት። መታወቂያቸውን እንዳይረሱ፣ ሽቶም አያብዙ፤ ክፍሉ ጠባብ ነው።

እትዬ